ቅንብራችን የት ያድራል?

የጽሑፍ ፕሮግራም ከፍታችሁ የፊደሉን መጠን ከፍ አደረጋችሁ፤ መስኮቱን ወደ ስክሪኑ ቀኝ ጠርዝ አስጠጋችሁት፤ ምናሌውን ወደ አማርኛ ቀየራችሁ። ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ አደረ። በማግስቱ ፕሮግራሙን ስትከፍቱት ሁሉም ትናንት እንደተዋችሁት ነው። ፕሮግራም ሲዘጋ በሜሞሪ የያዘው ነገር በሙሉ ይጠፋል፤ ስለዚህ ፕሮግራሙን የሠራው ሰው አስቀድሞ አስቦበት ምርጫችሁን ዲስክ ላይ ጽፎ ማሳደር ነበረበት። ያ የተጻፈው ነገር ቅንብር፣ በአፍ ልማድ ሴቲንግ፣ ይባላል።

ብዙ ፕሮግራመሮች ይህን ሥራ ለመጨረሻ ሰዓት ያቆዩታል። እኔ ግን አንድ ፕሮግራም ሰውን ምን ያህል እንደሚያከብር ማወቅ ስፈልግ መጀመሪያ የማየው ቅንብሩን የሚይዝበትን መንገድ ነው። ሰው ለዓመታት ጥቂት በጥቂት እያስተካከለ የደረሰበት አሠራር የራሱ ነው፤ ፕሮግራሙ አደራ ተቀባይ ብቻ ነው።

ቅንብር ሁሉ ባለቤት አለው። አንዳንዱ የፕሮግራሙ ነው፦ የሚገናኝበት ሰርቨር አድራሻ፣ የዳታቤዙ መገኛ። ይህን የሚወስነው ፕሮግራሙን የሠራው ወይም የጫነው ባለሙያ ነው። አንዳንዱ የማሽኑ ነው፤ በዚያ ኮምፒዩተር ለሚሠራ ሰው ሁሉ እኩል ያገለግላል። ብዙው ግን የተጠቃሚው ነው፦ ቋንቋው፣ ቀለሙ፣ የፊደሉ መጠን፣ አቋራጭ ቁልፎቹ። ከእነዚህ ጎን ደግሞ ማንም አስቦ ያልመረጠው፣ ፕሮግራሙ ራሱ እየታዘበ የሚመዘግበው አለ፤ መስኮቱ የቆመበት ቦታ፣ መጨረሻ የተከፈተው ፋይል። አራቱ ሲደባለቁ ነው ጣጣው የሚጀምረው። አንድ ኮምፒዩተር ሁለት የሒሳብ ሠራተኞች በፈረቃ የሚጠቀሙበትን ቢሮ አስቡ። የጠዋቷ ወደ አማርኛ የቀየረችውን ምናሌ የከሰዓቱ እንግሊዝኛ ያደርገዋል፤ በማግስቱ እሷ ትመልሰዋለች። ጥፋቱ የሁለቱም አይደለም፤ የእያንዳንዳቸውን ለየብቻ ያላስቀመጠው ፕሮግራም ነው።

ዊንዶውስ እ.ኤ.አ. በ1985 ሲወጣ እንዲህ ያለውን ነገር የሚያሳድረው «ዊን ዶት አይኤንአይ» በተባለ ተራ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ነበር። የክፍሉ ርእስ በአራት ማዕዘን ቅንፍ ይታጠራል፤ ከሥሩ በየመስመሩ ስም፣ የእኩል ምልክትና ዋጋ ይከተላሉ። ማንም ሰው በኖትፓድ ከፍቶ ሊያነበውና ሊያርመው ይችላል። ይህ ትልቅ ጸጋ ስለሆነ ዛሬም በዚሁ መልክ የሚጠቀሙ ፕሮግራሞች ሞልተዋል። ችግር የመጣው ፕሮግራሙ ሁሉ ወደዚያ አንድ ፋይል ሲጎርፍ ነው። ፋይሉ ከ64 ኪሎባይት ማለፍ አይችልም ነበር። ፕሮግራሙን ከኮምፒዩተሩ ስታጠፉት የጻፋቸው መስመሮች ሳይነሱ ይቀራሉ። ከሁሉ በላይ ፋይሉ አንዱን ተጠቃሚ ከሌላው አይለይም።

የማይክሮሶፍት መልስ ሬጅስትሪ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1992 በዊንዶውስ 3.1 ሲጀመር ሥራው ጠባብ ነበር፤ የትኛው ዓይነት ፋይል በየትኛው ፕሮግራም እንደሚከፈት የመሳሰለውን ይመዘግብ ነበር። በተከታዩ ዓመት በዊንዶውስ ኤንቲ ሰፋ፤ ዊንዶውስ 95 ደግሞ በየቤቱ አስገባው። ሬጅስትሪ በኖትፓድ የሚነበብ ጽሑፍ አይደለም፤ ቁልፍ በቁልፍ ሥር እየተደረደረ የሚወርድ፣ ጽሑፉና ቁጥሩ በየዓይነቱ የሚያዝበት ዳታቤዝ ነው። ትልቁ ብልሃቱ ባለቤቶቹን መለየቱ ነው። የማሽኑ በአንድ ቅርንጫፍ፣ የተጠቃሚው በሌላ ይሆናል። በኤንቲ ዘር ዊንዶውሶች የተጠቃሚው ቅርንጫፍ «ኤንቲዩዘር ዶት ዳት» የሚባል ፋይል ሆኖ በሰውየው ፎልደር ውስጥ ያድራል፤ የሚጫነውም ሰውየው በአካውንቱ ሲገባ ነው። ሁለቱ የሒሳብ ሠራተኞች በየራሳቸው አካውንት ቢገቡና ፕሮግራሙም ምርጫቸውን በዚህ ቅርንጫፍ ቢያስቀምጥ የምናሌው ውዝግብ እዚያው ያበቃል።

ሬጅስትሪ ግን ሲፈራ ኖሯል፤ ፍርሃቱም መሠረት አለው። ኮምፒዩተሩን የሚያስነሳው መረጃና የአንድ ጨዋታ የድምፅ መጠን በአንድ ሥርዓት ውስጥ ስለሚኖሩ፣ በስሕተት የተሰረዘ አንድ ቁልፍ ማሽኑን እንዳይነሳ ሊያደርገው ይችላል። በዚህ ፍርሃት የሚነግዱም አሉ፤ ሬጅስትሪ አጽድተን ኮምፒዩተር እናፈጥናለን የሚሉ ፕሮግራሞች። ማይክሮሶፍት ራሱ በእነዚህ መጠቀምን አይደግፍም። ሥራ የፈታ ቁልፍ የሚይዘው ቦታ ኢምንት ነው፤ በጽዳት ስም የሚጠፋ ትክክለኛ ቁልፍ ግን ዊንዶውስን እንደገና እስከ መጫን ሊያደርስ ይችላል። ገንዘባችሁን አትስጧቸው።

ለፕሮግራም ቅንብር የሬጅስትሪ እውነተኛ ድክመት ሌላ ነው፤ ከማሽን ማሽን እንደ ልብ አይሄድም። ፋይል በፍላሽ ይቀዳል፤ በሬጅስትሪ ውስጥ የተበተነ ምርጫ ግን አሮጌው ኮምፒዩተር ላይ ይቀራል። ስለዚህ ከዛሬዎቹ ፕሮግራሞች ብዙዎቹ ወደ ፋይል ተመልሰዋል፤ የሚያስቀምጡትም «አፕዴታ» በተባለው የተጠቃሚው ፎልደር ውስጥ ነው። አፕዴታ ከውስጡ ይከፈላል። «ሮሚንግ» በትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ሰውየው በየትኛውም ኮምፒዩተር ቢገባ አብሮት እንዲሄድ ለሚፈለግ ነው፤ «ሎካል» ለዚያ ማሽን ብቻ ለሚሆን። የመስኮት ቦታ ከስክሪኑ ስፋት ጋር የተያያዘ ስለሆነ መቀመጫው ሎካል ነው። ሮሚንግ ውስጥ ብታስገቡት ሰፊ ስክሪን ላይ የተዋችሁት መስኮት በላፕቶፑ ላይ ከስክሪኑ ውጪ ሊከፈትና ጨርሶ ላይታይ ይችላል።

አፕዴታ በዚህ ስሙ የመጣው ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ነው፤ ቪስታ ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2007 መጀመሪያ ላይ ነበር። ያኔ አንድ ትልቅ ልማድ ተሰበረ። እስከዚያ ድረስ ብዙ ፕሮግራሞች ቅንብራቸውን የሚጽፉት ራሳቸው በተጫኑበት ፎልደር ውስጥ ነበር፤ ቪስታ ፕሮግራሞች ያለ አስተዳዳሪ ፈቃድ እዚያ እንዳይጽፉ ከለከለ። አሮጌዎቹ ፕሮግራሞች በአንድ ቀን እንዳይሞቱ ደግሞ ወደዚያ ሊጽፉ የሞከሩትን በስውር «ቨርቹዋልስቶር» ወደተባለ የተጠቃሚው ፎልደር አዞረላቸው። ፕሮግራሙ በተጫነበት ቦታ የጻፈ ይመስለዋል፤ በእውነት ግን ሌላ ቦታ ነው የጻፈው። ባለሙያ መጥቶ ዋናውን ፋይል ቢያርም በፕሮግራሙ ላይ ምንም ለውጥ ላይታይ ይችላል፤ ፕሮግራሙ የሚያነበው ስውሩን ቅጂ ነውና። በዚህ የተነሳ የባከነው የጥገና ሰዓት ያሳዝነኛል፤ የተሻለ መንገድ ግን አልነበረም።

በዩኒክስና በሊኑክስ ዓለም የተጠቃሚው ቅንብር ብዙ ጊዜ ስሙ በነጥብ በሚጀምር ፋይል ውስጥ ይቀመጣል፤ እንዲህ ያለ ፋይል በዝርዝር ውስጥ አይታይም። የዩኒክስ ሰው የሆነው ሮብ ፓይክ እንደጻፈው ይህ ታስቦ የተሠራ አልነበረም። የፎልደር ዝርዝር የሚያሳየው ትእዛዝ ሁለት ምልክቶችን ብቻ እንዲዘል ነበር የተፈለገው፤ ፎልደሩን ራሱንና ወላጁን የሚያመለክቱትን አንድ ነጥብና ሁለት ነጥብ። ኮዱ ግን አቋራጭ ወስዶ በነጥብ የሚጀምረውን ሁሉ ዘለለ። ፕሮግራመሮች ይህን እንደ መደበቂያ ያዙት፤ የሰው ፎልደር በስውር ፋይሎች ተሞላ። ኋላ ላይ ቅንብር በአንድ ፎልደር፣ ጊዜያዊ ፋይል በሌላ ይሁን የሚል ስምምነት መጣ፤ ሁሉም ግን አልተከተለውም።

ከቦታው በላይ የሚያሳስበኝ አጻጻፉ ነው፤ በተለይ መብራት ሳይታሰብ በሚጠፋበት አገር። እ.ኤ.አ. በ2009 ኢኤክስቲ4 የተባለውን አዲሱን የሊኑክስ የፋይል ሥርዓት የሞከሩ ሰዎች ኮምፒዩተራቸው በድንገት ቆሞ ሲነሳ የቅንብር ፋይሎቻቸውን ዜሮ ባይት ሆነው አገኙ። ፋይሉ ስሙ አለ፤ ውስጡ ባዶ ነው። ምክንያቱ ይህ ነበር፦ ፕሮግራሞቹ ቅንብር ሲያድሱ መጀመሪያ አሮጌውን ይዘት ይሰርዙታል፣ ከዚያ አዲሱን ይጽፋሉ። አዲሱ የፋይል ሥርዓት ፍጥነት ለማግኘት ይዘቱን ወደ ዲስክ ማውረዱን ከቀድሞው የበለጠ ያቆያል። በመሰረዝና በመጻፍ መካከል ኮምፒዩተሩ ከቆመ አሮጌውም የለም፣ አዲሱም አልደረሰም። የፋይል ሥርዓቱ ዋና ሠራተኛ ቴድ ጾ መፍትሔውን አስረዳ፦ አዲሱን ይዘት በሌላ ስም ጻፉ፤ በእርግጥ ዲስክ ላይ እንዲያርፍ አዝዙ፤ ከዚያ ስሙን በአሮጌው ላይ ለውጡ። መብራት በየትኛውም ቅጽበት ቢጠፋ ወይ አሮጌው ወይ አዲሱ በሙሉነቱ ይገኛል። እሱም በበኩሉ የፋይል ሥርዓቱ ለአሮጌዎቹ ፕሮግራሞች የበለጠ እንዲታገሥ አደረገ። ይህ ጥቂት መስመር ኮድ ብቻ የሚፈልግ ሥራ ነው፤ ዛሬም የሚዘሉት ፕሮግራሞች መኖራቸው ያስቆጨኛል።

ሌላው የሚዘነጋው ነገር ሰው የመረጠውን ከፕሮግራሙ መነሻ ዋጋ መለየት ነው። ጥሩ ፕሮግራም መነሻ ዋጋዎቹን በራሱ ውስጥ ይይዛል፤ ፋይል ላይ የሚጽፈው ሰውየው የለወጠውን ብቻ ነው። ሁሉንም ከጻፈ፣ ነገ መነሻ ዋጋው ቢሻሻል አሮጌው በፋይሉ ውስጥ ተቀርጾ ይቀራል፤ የትኛው የሰው ምርጫ፣ የትኛው የፕሮግራሙ እንደነበረ ማንም አያውቅም። ዶትኔት በተባለው የማይክሮሶፍት የፕሮግራም መሥሪያ የሚሠሩ ፕሮግራሞች ደግሞ የራሳቸው ወጥመድ አላቸው። የተጠቃሚው ቅንብር የሚቀመጥበት ፎልደር የፕሮግራሙን የቨርዥን ቁጥር ይዟል፤ ፕሮግራሙ ሲታደስ አዲስ ፎልደር ይፈጠርና ባዶ ይሆናል። አሮጌውን ወደ አዲሱ የሚያሸጋግር ትእዛዝ ተዘጋጅቷል፤ ፕሮግራመሩ ካልጠራው ግን ሰውየው ከእያንዳንዱ እድሳት በኋላ እንደገና ከመጀመሪያ ያስተካክላል። የይለፍ ቃልንማ እንደ ሌላው ቅንብር በግልጽ ጽሑፍ መጻፍ ጨርሶ ነውር ነው፤ ዊንዶውስ ከዊንዶውስ 2000 ጀምሮ በተጠቃሚው አካውንት ቁልፍ የሚመሰጥርበት መሣሪያ አለው።

ወደ እኛ ፊደል ስንመጣ ጉዳዩ ይከብዳል። የአማርኛ ፊደል የዓለምን ፊደላት በአንድ ሠንጠረዥ በሚይዘው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዊንዶውስ ከዚያ በፊት ለየቋንቋው ባዘጋጃቸው የፊደል ሠንጠረዦች ውስጥ ለአማርኛ የተመደበ የለም። ስለዚህ በአሮጌው መንገድ የሚጻፍ የአይኤንአይ ፋይል ውስጥ የአማርኛ ቃል ቢገባ የጥያቄ ምልክት ድርድር ሆኖ ይወጣል። የተጠቃሚው ስም በአማርኛ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። አካውንቱን «አልማዝ» ብላ የከፈተች ሴት ፎልደሯም በዚያው ስም ይፈጠራል። በአሮጌው መንገድ የተሠራ ፕሮግራም ስሟን በጥያቄ ምልክት ያነበዋል፤ ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ የጥያቄ ምልክት ስለማይፈቅድ ፎልደሩ አይገኝም፤ ቅንብሯም አይቀመጥም። ፕሮግራሙም ብዙ ጊዜ ምንም ሳይናገር ያልፈዋል። ፕሮግራም የምትሠሩ ሁሉ ሥራችሁን በአማርኛ የተሰየመ አካውንት ከፍታችሁ ፈትሹት፤ ቁጥርም ስትጽፉ ከአገር አገር የማይለወጥ መልክ ተጠቀሙ። ሦስት ከግማሽ በጀርመን አጻጻፍ በነጠላ ሰረዝ «3,5» ተብሎ ይቀመጥና፣ በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ሲነበብ ሠላሳ አምስት ሊሆን ይችላል።

ፕሮግራም ለማትሠሩት ደግሞ የራሳችሁን ቅንብር ማግኘት ከባድ አይደለም። በዊንዶውስ የዊንዶውሱን ቁልፍና የ«አር»ን ፊደል አብራችሁ ተጫኑ፤ በሚከፈተው ሳጥን ውስጥ «አፕዴታ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ፣ ከፊቱም ከኋላውም የመቶኛ ምልክት አድርጋችሁ ጻፉ። ሮሚንግ የሚባለው ፎልደር ይከፈታል፤ የብዙ ፕሮግራሞች ስም እዚያ ተደርድሯል። ኮምፒዩተር ከመቀየራችሁ በፊት የምትሠሩባቸውን ፕሮግራሞች ፎልደር ወደ ፍላሽ ቅዱ፤ ስትቀዱም ስትመልሱም ግን መጀመሪያ ፕሮግራሙን ዝጉ። ብዙ ፕሮግራሞች ቅንብራቸውን የሚጽፉት ሲዘጉ ስለሆነ፣ ክፍት ሆኖ የመለሳችሁት ፋይል ፕሮግራሙ በተዘጋ ቅጽበት ይደመሰሳል።