5050፣ 2835፣ 5730… ኤልኢዲ ላይ ያለው ቁጥር ምን ማለት ነው?

ለክፍላችሁ ወይም ለሱቃችሁ የኤልኢዲ ስትሪፕ ልትገዙ ስትሄዱ ቶሎ የሚመጣው ጥያቄ «ባለ ስንት ቁጥር?» የሚል ነው። 2835 አለ፣ 5050 አለ፣ 5730 አለ። ብዙ ሰው ቁጥሩ ከፍ ሲል መብራቱም የሚበረታ ይመስለዋል። ዋጋ ሲጨመርበትም ዝም ብሎ ይከፍላል።

ቁጥሩ ግን የጉልበት አይደለም፣ የፍሬዋ ቁመትና ወርድ ነው። 5050 ማለት 5.0 በ5.0 ሚሊ ሜትር፣ 2835 ማለት 2.8 በ3.5፣ 5730 ደግሞ 5.7 በ3.0 ማለት ነው። በቃ። ስለ ዋት፣ ስለ ቮልት፣ ስለ ድምቀት ምንም አይናገርም።

3528 እና 2835ን እንይ። ልካቸው አንድ ነው፣ ቁጥሩ ብቻ ተገላብጧል። ሥራቸው ግን ሌላ ነው። 3528 የቆየው ዓይነት ሲሆን ፊቱ ላይ ክብ መስኮት አለው፣ አብዛኛውን ጊዜም ከ0.1 ዋት በታች ነው የሚበላው። 2835 ከሥሩ ሰፊ ብረት ስላለው ሙቀቱን ወደ ቦርዱ ያወርዳል። ስለዚህ 0.2 ዋት፣ አንዳንዱ እስከ 1 ዋት ድረስ ይችላል። ኤልኢዲን ቶሎ የሚገድለው ሙቀት ነው፤ ከስፋቱ ይልቅ ሙቀቱ መውጫ ማግኘቱ ይበልጣል።

ለነገሩ የሚያበራው ፕላስቲኩ አይደለም፣ ውስጡ ያለችው ከሰሊጥ ፍሬ የምታንስ ቺፕ ናት። ነጭ በምንለው ኤልኢዲ ውስጥ ቺፕዋ የምታበራው ሰማያዊ ነው፣ ነጭ የሚያስመስለው ላይዋ ያለው ፎስፈር የሚባል ቢጫ ነገር ነው። (የስልካችሁን ፍላሽ ሳይበራ ጠጋ ብላችሁ እዩት፣ ቢጫ ነው።) ሰማያዊውን ኤልኢዲ ለማግኘት ብዙ ዓመት ፈጅቷል። ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖ እና ሹጂ ናካሙራ በዚሁ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ተሸልመዋል።

5050 ሰፊ የሆነው ውስጡ ሦስት ቺፕ ስለሚይዝ ነው፦ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ። በሪሞት ቀለም የሚቀያይሩት ስትሪፖች በብዛት እሱን የሚጠቀሙት ለዚህ ነው። ቀለም መቀያየር ከፈለጋችሁ ጥሩ ምርጫ ነው። ነጭ ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት ግን ለ5050 ተጨማሪ ብር መክፈል ለእኔ አይታየኝም፣ ጥሩ 2835 ይበቃል።

ሻጩን መጠየቅ ያለባችሁ በሜትር ስንት ፍሬ እንዳለውና በሜትር ስንት ዋት እንደሚበላ ነው። ለምሳሌ በሜትር 60 ፍሬ ያለው የተለመደው 5050 በሜትር 14.4 ዋት ገደማ ይበላል። 5 ሜትሩ 72 ዋት መሆኑ ነው። በ12 ቮልት ስታካፍሉት 6 አምፔር ይመጣል። እና ቤት የተገኘውን ባለ 2 አምፔር አዳፕተር ሰክቶ መተኛት? አዳፕተሩ ይግላል፣ ይቃጠላል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል።

ኦንላይን ለምታዝዙ ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ። 0603፣ 0805፣ 1206 የሚባሉት ትንንሾቹ ኤልኢዲዎች ቁጥራቸው በኢንች ነው የሚነበበው። 0603 ማለት 0.06 በ0.03 ኢንች፣ ማለትም 1.6 በ0.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በሚሊ ሜትር አስባችሁ ካዘዛችሁ በወረንጦ እንኳ ለመያዝ የምታስቸግር ነገር ትደርሳችኋለች። ሁለት እግር ያላቸው ክቦቹ ቀላል ናቸው፦ 3 ወይም 5 ሚሊ ሜትር ሲባል የጭንቅላታቸው ስፋት ነው፣ ረጅሙ እግር ፖዘቲቭ ነው።

ቁጥሩ ብዙ የሚያሳስተው ቲቪ ጥገና ላይ ነው። ቲቪያችሁ ድምፅ እያለው ስክሪኑ ከጨለመ የስልክ ባትሪ አብርታችሁ ስክሪኑ ላይ አስጠጉት። ምስሉ በስሱ ከታየ የሞተው ከኋላ የሚያበራው ኤልኢዲ ሊሆን ይችላል። ጠጋኙ 2835 በ2835 ቢቀይርላችሁም ባለ 3 ቮልት አለ፣ ባለ 6 ቮልት አለ፣ በመጠን አይለዩም። በ3 ቮልቱ ቦታ 6 ቮልቱ ከገባ አንድ ነጥብ ለብቻው ሊደምቅ ወይም ቲቪው መብራቱን መልሶ ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ ከመበየዱ በፊት ቮልቱን በቴስተር ለክቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።