አንድ መጽሐፍ፣ ብዙ ትርጉም፤ የትኛውን እንምረጥ?

የሠራዊት አገልግሎታቸውን ጨርሰው ወደ ሩቅ ምሥራቅ የሚጓዙ የአገራችን ወጣቶች ብዙዎች ናቸው። ከእነርሱም አንዳንዶቹ «ዳኦ ዴ ጂንግ» የተባለውን የጥንታዊት ቻይና የጥበብ መጽሐፍ ወደ ቤት ይዘው ይመጣሉ። ወላጆችም «ይህ ምን መጽሐፍ ነው?» ብለው መጠየቃቸው ተገቢ ነው። መልሱ ግን በመጽሐፉ ብቻ ሳይሆን በተርጓሚውም ይወሰናል።

መጽሐፉ አጭር ነው፤ 81 ምዕራፎችና 5,000 ያህል የቻይና ፊደላት ብቻ አሉት። በልማድ ላኦ ትዙ የተባለ ጠቢብ ጻፈው ይባላል፤ ሊቃውንት ግን የአንድ ሰው ሥራ ስለ መሆኑ አይስማሙም። ስለ ትሕትና፣ ስለ ትዕግሥት፣ ሕዝብን ሳያስጨንቁ ስለ ማስተዳደር ይመክራል። በዳኦ ሃይማኖት ተከታዮች ዘንድ ደግሞ እንደ ቅዱስ መጽሐፍ ይቆጠራል።

ችግሩ ከስሙ ይጀምራል። «ዳኦ» ማለት መንገድ ነው፤ በዕብራይስጥ «ዴሬኽ» እንደምንለው። ይኸው ቃል ግን «መናገር» ማለትም ይሆናል፤ የመጽሐፉም መክፈቻ ቃሉን በሁለቱም ፍች ይጠቀምበታል። «ዴ» የሚለውን አንዱ ተርጓሚ «በጎ ምግባር» ሲለው፣ እንግሊዛዊው አርተር ዌይሊ በ1934 «ኃይል» ብሎታል። እንግዲህ ሁለት ሰዎች ሁለት ትርጉም ቢያነቡ ሁለት ልዩ ልዩ መጽሐፍ ያነበቡ ሊመስላቸው ይችላል።

ይህ ነገር ለእኛ ማኅበረሰብ እንግዳ አይደለም። ቄሶቻችን ኦሪትን በግዕዝ እያነበቡ በአማርኛ ወይም በትግርኛ ሲያስረዱን ኖረዋል። የግዕዙ ኦሪት በአብዛኛው ከግሪክ፣ ግሪኩም ከዕብራይስጥ የተተረጎመ ነው። ስለዚህ ንባብና ትርጓሜ የተለያዩ መሆናቸውን ሽማግሌዎቻችን ጠንቅቀው ያውቃሉ።

ወደ ዕብራይስጥ ከተረጎሙት ቀደምት ሰዎች አንዱ አሮን ዘኤቭ ኤሽኮሊ ነው፤ ትርጉሙም በ1937 በኢየሩሳሌም ታተመ። ይኸው ሊቅ በ1943 ስለ ቤተ እስራኤል መጽሐፍ አሳትሟል። በኋላም ዳን ዳኦርና ዮአቭ አሪኤል በ1981 ከቻይንኛ የተረጎሙትን አወጡ። ገና በኡልፓን ለሚማር ሰው ከቀድሞው ዕብራይስጥ ይልቅ የኋለኛው ይቀርበዋል።

እንግሊዝኛ ለሚያነቡ ምርጫው እጅግ ሰፊ ነው። የጄምስ ሌግ ትርጉም (1891) አሮጌ ቢሆንም ማብራሪያ አለው፤ የዲ. ሲ. ላው (1963) ለቻይንኛው ቃል የቀረበ ነው። ብዙ የተሸጠው የስቲቨን ሚቸል መጽሐፍ (1988) ለንባብ ይጣፍጣል፤ ጸሐፊው ግን ቻይንኛ ስለማያውቅ የሠራው በሌሎች ትርጉሞች ላይ ተመሥርቶ ነው። ይህን አውቆ ማንበብ ነውር የለውም፤ ሳያውቁ «መጽሐፉ እንዲህ ይላል» ብሎ መከራከር ግን ያሳስታል።

ከዚህም ሌላ በ1973 ማዋንግዱይ በተባለ ስፍራ፣ ከ2,100 ዓመት በላይ ተዘግቶ ከኖረ መቃብር፣ በሐር ላይ የተጻፉ ሁለት ቅጂዎች ተገኝተዋል። በእነዚህም ውስጥ የመጽሐፉ ሁለተኛ ክፍል ከአንደኛው ቀድሞ ተጽፏል። በ1993 ደግሞ በጉዎዲያን ከዚያ የሚቀድም፣ በቀርከሃ ላይ የተጻፈ ከፊል ቅጂ ተገኘ። ስለሆነም ከ1973 በፊት የታተመ ትርጉም እነዚህን አያውቅም።

እንግዲህ ከመግዛታችሁ በፊት ሦስት ነገር እንድትመለከቱ እንመክራለን። አንደኛ፣ መቅድሙን አንብቡ፤ ተርጓሚው ከቻይንኛ ነው ወይስ ከሌላ ቋንቋ የተረጎመው? ሁለተኛ፣ ማብራሪያ አለው ወይ? አጠራጣሪውን ቃል «ሌላም ፍች አለው» ብሎ የሚነግር ተርጓሚ ሊታመን ይችላል። ሦስተኛ፣ ከሁለት ትርጉሞች አንድ ምዕራፍ ጎን ለጎን አንብቡ፤ በሰፈራችሁ ሲፍሪያ ካገኛችኋቸው ገንዘብ ማውጣትም አያስፈልግም።

ወላጆች ሆይ፣ የልጃችሁ ዕብራይስጥ ከእናንተ ቢበልጥም እነዚህን ጥያቄዎች ለመጠየቅ አትፈሩ። «ማን ተረጎመው? ከምን ተረጎመው? ሌላው ምን ይላል?» በሉት። የሃይማኖት ጥርጣሬ ካደረባችሁም መጽሐፉን ከልጁ እጅ ከመንጠቅ ይልቅ አብራችሁ ቄስ ወይም ረቢ ጠይቁ። ልጁ ዕብራይስጡን ያንብብ፣ እናንተ በአማርኛ ፍቱት፤ ከዚያም ተወያዩበት።