ዕቃው የገዢው፣ ቁልፉ የአምራቹ

ለመሆኑ አንድ ሰው በገንዘቡ የገዛውን ዕቃ ፈታቶ ቢለውጥ በሕግ ሊጠየቅ ይገባልን? ጥያቄው ስለ ሬዲዮ ወይም ስለ ብስክሌት ቢሆን ኖሮ ብዙ ባላነጋገረ ነበር። ስለ ቪዲዮ ጌም ኮንሶል ሲሆን ግን የአውስትራሊያ፣ የአውሮፓና የአሜሪካ ዳኞች ከሃያ ዓመታት በላይ ተከራክረውበታል፤ የደረሱበትም ውሳኔ አንድ አይደለም። የሚገርመው ነገር፣ ክርክሩ በአብዛኛው ያረፈው በባለቤትነት ትርጉም ላይ ሳይሆን በመሣሪያው ውስጥ ያለው ቁልፍ በእርግጥ ምን እንደሚሠራ በሚለው ላይ መሆኑ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን እንነሣ። በ1994 በጃፓን ለገበያ የቀረበውን ይህን መሣሪያ የዛሬ ተማሪዎች ባያውቁት እንኳ ታላላቅ ወንድሞቻቸው ያስታውሱታል። ጌሙ የሚታተምበት ዲስክ የሌዘሩ ብርሃን የሚከተለው ጥምዝምዝ መስመር አለው። ሶኒ ይህ መስመር በመነሻው አካባቢ በመጠኑ ግራና ቀኝ እየተወዛወዘ እንዲሄድ አድርጎ ያትመው ነበር። ውዝዋዜው አራት ፊደላት ያሉት የይለፍ ቃል ይሸከማል። ቃሉም ለጃፓን፣ ለአሜሪካና ለአውሮፓ የተለያየ ነው። በቤት ውስጥ ዲስክ የሚገለብጥ ሰው መረጃውን አንድም ሳይቀር ቢገለብጥ ውዝዋዜውን ሊገለብጥ አይችልም፤ ባዶ ዲስክ ከፋብሪካ ሲወጣ የራሱ መስመር ተቀርጾለት ነውና። ሞድ ቺፕ የሚባለው ርካሽ ማይክሮ ኮንትሮለር በማዘርቦርዱ ላይ ሲበየድ ግን ዲስኩ ያልተናገረውን ቃል እርሱ በዲስኩ ፈንታ ለኮንሶሉ ይናገራል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ይኸው ቺፕ የተሰረቀ ቅጂን ያስነሣል፤ ከጃፓን በሕጋዊ መንገድ የተገዛን እውነተኛ ዲስክም በአውስትራሊያ ኮንሶል ላይ ያስነሣል። ኤሌክትሮኑ በሁለቱ መካከል ልዩነት አያውቅም።

ሶኒ በሲድኒ እነዚህን ቺፖች የሚሸጥ ሰው ከስሶ ጉዳዩ እስከ አውስትራሊያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደረሰ። በኦክቶበር 2005 ዳኞቹ በአንድ ድምፅ ሶኒን ረቱት። ምክንያታቸው ለፊዚክስ ሰው ደስ የሚል ነው፦ ሕጉ የሚጠብቀው መገልበጥን የሚከለክል ቁልፍ ነው፤ የፕሌይስቴሽን ቁልፍ ግን መገልበጥን አይከለክልም። ዲስኩ ኮንሶሉ ውስጥ ሲገባ ግልበጣው ከተፈጸመ ቆይቷል፤ ቁልፉ የሚከለክለው መጫወትን ብቻ ነው። በእኔ አስተያየት ከሁሉም አገሮች ትክክለኛውን ጥያቄ መጀመሪያ የጠየቁት እነዚህ ዳኞች ናቸው። ይሁንና ድሉ ብዙ አልቆየም። አውስትራሊያ ከአሜሪካ ጋር በተዋዋለችው የነፃ ንግድ ስምምነት መሠረት ፓርላማው በ2006 ሕጉን አጠበቀው። ቢሆንም ጌሞችን በአገር ከፋፍሎ የሚቆልፈውን የአካባቢ ቁልፍ ከጥበቃው ውጭ አደረገው።

የአሜሪካው ሕግ ከዚህ የጠነከረ ነው። ዲ.ኤም.ሲ.ኤ. በሚል ምህጻረ ቃል የሚታወቀው የ1998 የቅጂ መብት ሕግ ወደ ሥራው መግቢያ የሆነውን ቁልፍ መስበርን ራሱን ይከለክላል፤ ለመስበሪያነት የተሠራ መሣሪያን መሸጥንና ማከፋፈልንም እንዲሁ። ለንግድ ጥቅም ሆን ብሎ የፈጸመው ሰው ለመጀመሪያ ጥፋት እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 500,000 ዶላር መቀጮ ሊደርስበት ይችላል። ይህ በወረቀት ብቻ የቀረ ማስፈራሪያ አይደለም፤ የኮንሶል መስበሪያ መሣሪያ ይሸጥ ከነበረ ቡድን አባላት አንዱ በፌብሩዋሪ 2022 የ40 ወራት እስራት ተፈርዶበታል። ለገንዘብ ሲሉ የሌላውን ድካም ገበያ ላይ ለሚበትኑ ልባችን ባይራራ አይፈረድብንም። ነገር ግን ይኸው ሕግ የተማሪውንም ጠረጴዛ ይነካል።

አንድሪው ሁዋንግ በ2002 በኤም.አይ.ቲ. የዶክትሬት ተማሪ ሳለ የማይክሮሶፍትን ኤክስቦክስ ከፈተ። የመጀመሪያው ምስጢራዊ ቁልፍ የተቀመጠው በአንድ ቺፕ ውስጥ ነበር፤ ሆኖም ኮንሶሉ ሲነሣ ያ ምስጢር ወደ ሌላው ቺፕ በመዳብ መስመሮች ላይ ሳይሸፈን ይጓዝ ነበር። መሐንዲሶቹ በሴኮንድ 400 ሚሊዮን ባይት የሚያልፍበትን መስመር ማን ያዳምጠዋል ብለው ሳያምኑ አልቀሩም። ሁዋንግ የማዳመጫ ሰሌዳ ራሱ ሠርቶ በመስመሮቹ ላይ አሳረፈና ምስጢሩን አነበበ። ያገኘውን በዩኒቨርሲቲው የጥናት ጽሑፍ አድርጎ አወጣው። ስለዚሁ የጻፈውን መጽሐፍ ሊያሳትም የነበረው ድርጅት ግን ሕጉን በመፍራት ወደ ኋላ ስላለ ደራሲው በ2003 በራሱ ጥረት ለአንባቢ አቀረበው። ማንም ያልከሰሰው፣ ማንም ያልፈረደበት መጽሐፍ በፍርሃት ብቻ ሊቀር ነበር ማለት ነው።

የፕሌይስቴሽን 3 ታሪክ ደግሞ በቀጥታ ወደ እኛ ሙያ ይገባል። ሶኒ ይህን ኮንሶል በ2006 ሲያወጣ ሊነክስን እንዲጭኑበት ለገዢዎች ፈቅዶ ነበር። ጋውራቭ ካና የተባሉ የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ዳርትመዝ የፊዚክስ ሊቅ በ2007 ስምንት ኮንሶሎችን አገናኝተው የጥቁር ጉድጓዶችን ስሌት ሠሩባቸው፤ የአሜሪካ አየር ኃይልም ከ1,700 በላይ ኮንሶሎች ገዝቶ ሱፐር ኮምፒውተር አቋቋመ። በኤፕሪል 1 ቀን 2010 ሶኒ ባወጣው የሶፍትዌር ማሻሻያ ይህ ዕድል ተዘጋ። ማሻሻያውን ያልጫነ ሰው በኢንተርኔት መጫወት አይችልም፤ የጫነ ደግሞ ሊነክሱን ያጣል። ዕቃ ከተሸጠ በኋላ ከገዢው ቤት ክፍል ሲቀነስ ይህ ምናልባት ግልጽ ምሳሌው ነው።

የሆነው ሆኖ በዚያው ዓመት መጨረሻ ቁልፉ ተሰበረ። ኮንሶሉ ፕሮግራም ከማስኬዱ በፊት የአምራቹን ዲጂታል ፊርማ ይመረምራል። ፊርማው የሚሰላው ከፕሮግራሙ፣ አምራቹ ብቻ ከሚያውቀው ምስጢራዊ ቁልፍ፣ እንዲሁም በየፊርማው በዕጣ ከሚወጣ አዲስ ቁጥር ነው። አንድ ፊርማ ያየ ሰው አንድ ቀመር ይዞ ሁለት ያልታወቁ ቁጥሮች ይቀሩታል፤ ሁለተኛ ፊርማ ቢያገኝ ሌላ ያልታወቀ የዕጣ ቁጥር ይጨመርበታል፤ ስለዚህ ከቶ አይደርስበትም። በዲሴምበር 2010 በርሊን ውስጥ በተደረገ ጉባኤ ፌይል ኦቨርፍሎው የተባለው ቡድን የሶኒ የዕጣ ቁጥር ፈጽሞ የማይለወጥ መሆኑን አሳየ። እንግዲህ ሁለት ቀመሮች፣ ሁለት ያልታወቁ ቁጥሮች! ቀሪው የ9ኛ ክፍል አልጀብራ ነው። ጆርጅ ሆትዝ የተባለው ወጣት በጃንዋሪ 2011 የኮንሶሉን ዋና ቁልፍ ይፋ ሲያደርግ ሶኒ በቀናት ውስጥ ካሊፎርኒያ ላይ ከሰሰው። በኤፕሪል በስምምነት ተዘጋ፤ ሆትዝም የሶኒን ምርቶች ዳግመኛ እንዳይነካ ተስማማ። በዚህም የተነሣ የገዛ ኮንሶሉን መክፈቱ ሕጋዊ ነበር ወይስ አልነበረም ለሚለው ጥያቄ ፍርድ ቤቱ የመጨረሻ መልስ ሳይሰጥ ቀረ።

አውሮፓ ወደ አውስትራሊያዎቹ ጥያቄ ቀረብ ብላለች። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በጃንዋሪ 2014 በኒንቴንዶ ጉዳይ ቁልፉ ከዓላማው ጋር የተመጣጠነ መሆን እንዳለበትና መስበሪያው በተግባር ለምን እንደሚውል መታየት እንደሚገባው ወሰነ። በኦክቶበር 2024 ደግሞ ይኸው ፍርድ ቤት በሶኒና በዳቴል ክርክር፣ ጌሙ ሲሠራ በጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ የሚያስቀምጣቸውን ቁጥሮች መለወጥ የፕሮግራሙን ኮድ እስካልነካ ድረስ የፕሮግራሙን የቅጂ መብት አይጥስም ብሏል።

በአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ በየሦስት ዓመቱ ከሕጉ ነፃ የሚሆኑ ድርጊቶችን ይዘረዝራል። ስልክን መክፈት በ2010 ሲፈቀድ ኮንሶልን ለመክፈት የቀረበው ጥያቄ በ2012ም በ2015ም ውድቅ ሆነ። በ2021 ጠባብ በር ተከፈተ፦ የዲስክ ማንበቢያው የተበላሸበት ሰው ለጥገና ያህል ቁልፉን ማለፍ ይችላል፤ ሲጨርስ ቁልፉን ወደ ቦታው መመለስ አለበት። በብዙ ኮንሶሎች ማንበቢያው ከማዘርቦርዱ ጋር በኮድ የተጣመረ በመሆኑ ከሌላ ኮንሶል የተነቀለ ደህና ማንበቢያ ቢገጠም አይሠራም፤ ፈቃዱ ያስፈለገውም ለዚህ ነው። ይሁን እንጂ ነፃ የተደረገው ድርጊቱ እንጂ መሣሪያው አይደለም። ቁልፉን የሚያልፈውን መሣሪያ ለሌላ መሸጥም መስጠትም እንደተከለከለ ነው፤ ጠጋኙ መክፈቻውን ራሱ መሥራት ይኖርበታል።