የመታጠቢያ ቤት ግድግዳና ሴራሚክ

ከአሰላ ወደ በቆጂ ስንሄድ ሳጉሬን እናገኛለን። አገሩ ደጋ ነው፤ ክረምቱም ይበረታል። ብዙው ቤት እንጨት ቆሞ፣ በጭድ በቦካ ጭቃ የተመረገ ነው። እንዲህ ያለ ግድግዳ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ዕድሜ አለው። ገላ የምንታጠብበትን ክፍል ግን ውሃ በየጊዜው ይረጨዋል። ጭቃው ይላላል፤ ማገሩ ይበሰብሳል፤ ግድግዳው ከእግሩ ጀምሮ ይፈርሳል።

ለዚህ ከሚበጁት አንዱ ሴራሚክ ነው። ሴራሚክ ምንድን ነው? በእሳት የተተኮሰ ሸክላ ነው። ፊቱ እንደ ስኒ ያብለጨልጫል፤ ውሃ አያስገባም። ጀርባው ግን እንደ ገል ነው፤ ውሃ ይጠጣል። ይህን ልብ እንበል።

ከቆዩት ዓይነቶች አንዱ ነጩና ጠባቡ ነው። ቁመቱ 7.5፣ ርዝመቱ 15 ሳንቲ ሜትር ነው። በአሜሪካ አገር፣ በኒው ዮርክ ከተማ፣ ከመሬት በታች የሚሄደው ባቡር በጥቅምት 1897 ዓ.ም. ሲከፈት የጣቢያዎቹ ግድግዳ በዚህ ዓይነት ተለብጦ ነበር። መሬት ውስጥ ጨለማ ነው፤ ነጭ ግን ብርሃን ይመልሳል፣ እድፍም ቶሎ ያሳያል። መስኮቱ ጠባብ ለሆነ መታጠቢያ ቤትም ያው ነው።

ስንት ይበቃናል? እናስላ። ለ1 ካሬ ሜትር 89 ያህል ይገባል። ወርዱ 2 ሜትር የሆነውን ግድግዳ እስከ 1 ሜትር ተኩል ከፍታ ብናለብሰው 3 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ 267 ማለት ነው። የሚሰበርና የሚቆረጥ አለና 290 ያህል እንግዛ። እስከ ጣሪያ ማልበስ ለእኛ ገንዘብ ማባከን ይመስለናል። ውሃው እዚያ አይደርስማ!

ሴራሚክን በጭቃ ላይ መለጠፍ አይሆንም። ጭቃ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ሴራሚኩን ይዞት ይወርዳል። ስለዚህ ያ ግድግዳ በድንጋይ ወይም በብሎኬት ይሠራ፤ በሲሚንቶም ይለሰን። ግንበኛው በቱንቢና በውሃ ልክ እያስተካከለ ከታች ይጀምር። በሲሚንቶ የሚለጥፈው ከሆነ ሴራሚኩን አስቀድሞ ውሃ ውስጥ ይንከረው። ደረቁ ጀርባ የሲሚንቶውን ውሃ ከጠጣው ሲሚንቶው ሳይጠነክር ይቀራል። እንዲህ የተለጠፈውን በጣት ሲመቱት እንደ ባዶ ቅል ይጮኻል፤ ውሎ አድሮም ይረግፋል።

አደራደሩ እንደ ጡብ ነው፤ የላይኛው መሐል በታችኞቹ መጋጠሚያ ላይ ይረፍ። መጋጠሚያው በነጭ ሲሚንቶ ይሞላ። ውሃ የሚሰርገው በዚያ በኩል ነውና ሲሰነጠቅ ቶሎ ይደፈን። ይኸው ሴራሚክ ወለል ላይ አይነጠፍ፤ ሲረጥብ ያንሸራትታል፣ ሽማግሌና እርጉዝ ይጥላል።

ገንዘብ ያጠረው ሰው ሴራሚኩን ትቶ ግድግዳውን በሲሚንቶ አጥብቆ ቢለስንና ቢያለሰልሰው የሚያፍርበት ነገር የለም። ወለሉ ግን ለሁሉም ወደ መውጫው ዘቅዘቅ ይበል፤ ውሃውም ከቤቱ መሠረት ርቆ በቦይ ይሂድ።