ቴሌስኮፑን መላው ቤተሰብ እንዲያይበት

የሌሊቱን ሰማይ ለልጆች ማሳየት ብዙ ወጪ ሳይጠይቅ ዕውቀትንና ደስታን በአንድነት ይሰጣል። ትንሽ ቴሌስኮፕ ያለው ቤተሰብ የጨረቃን ተራሮች፣ የጁፒተርን አራት ትልልቅ ጨረቃዎችና የሳተርንን ቀለበት ከገዛ ግቢው ሆኖ ለማየት ይችላል። ይሁን እንጂ ቴሌስኮፕ በባሕርዩ የአንድ ሰው ዕቃ ነው። አንዱ ሲያይ ሌላው ተራ ይጠብቃል። ትንሹ ልጅ ዓይኑን ከሌንሱ ማገናኘት ስለሚያቅተው ቧንቧውን ይዞ ይንጠለጠላል፤ ጨረቃዋም ከቦታዋ ትጠፋለች። አያት መነጽራቸውን አውልቀው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ቢሞክሩም «ለእኔስ ምንም አይታየኝም» ብለው ይመለሳሉ። እናት ደግሞ ሁሉንም ስታሳይ አምሽታ፣ ራሷ ሳታይ ወደ ቤት ትገባለች።

ይህን ችግር የሚያቃልል ዘዴ አለ። ዓይን የሚጠጋበትን ትንሹን ሌንስ አውጥቶ በቦታው ትንሽ ቪዲዮ ካሜራ መግጠምና ምስሉን ወደ ቴሌቪዥን ወይም ወደ ኮምፒዩተር መውሰድ ነው። ያን ጊዜ አምስትና ስድስት ሰው ጎን ለጎን ተቀምጦ ያንኑ የጨረቃ ጉድጓድ በአንድ ጊዜ ያያል። ልጅም በጣቱ እያመለከተ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ አዋቂውም ልጁ የሚያየውን ስለሚያይ ተገቢውን መልስ ይሰጣል።

የካሜራው ዓይነትና ዋጋ ግን ብዙ ነው። ብዙ ጊዜ በውጭ አገር ተገዝቶ በዘመድ እጅ የሚላክ ዕቃ በመሆኑ «አልተስማማኝም» ብሎ መመለስ ያስቸግራል። ከደመወዝ ተቆጥቦ የተገዛ ነገር ደግሞ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ሲቀር ያሳዝናል። ስለዚህ ውድ አንባብያን፣ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት የሚከተሉትን ነጥቦች አጢኑ።

በመጀመሪያ በእጃችሁ ያለውን ሞክሩ

በእጃችሁ ያለው የሞባይል ስልክ ራሱ ቪዲዮ ካሜራ ነው። ስልኩን ከቴሌስኮፑ ሌንስ ጋር አጣብቆ የሚይዝ መቆንጠጫ ከሌሎቹ ዕቃዎች ሁሉ ዋጋው ይቀንሳል። ጨረቃ በስልኩ ላይ ነጭ ሆና ብቻ ከታየች ስክሪኑን በጣታችሁ ጨረቃዋ ላይ ነክታችሁ ብርሃኑን ቀንሱት፤ ወዲያው ጉድጓዶቹ ይገለጣሉ። ስልኩና ቴሌቪዥኑ የሚስማሙ ከሆነ ምስሉን በኬብል ወይም ያለ ኬብል ወደ ቴሌቪዥኑ ማስተላለፍ ይቻላል። ቤተሰቡ በዚህ ከረካ ሌላ ወጪ አያስፈልግም።

የሚሊዮን ፒክስል ብዛት አያታልላችሁ

ነጋዴዎች ካሜራን የሚያወድሱት በሚሊዮን ፒክስል ብዛት ነው። ለቴሌስኮፕ ግን የሚበልጠው ጥያቄ ብርሃኑን የሚቀበለው ትንሽ ገበታ፣ ማለትም ሴንሰሩ፣ ስፋቱ ምን ያህል ነው የሚለው ነው። ይህን ለማወቅ ቀላል ስሌት አለ። በቴሌስኮፑ ቧንቧ ላይ የትኩረት ርዝመቱ በሚሊሜትር ተጽፎ ታገኛላችሁ። ያንን ቁጥር ለ110 ብታካፍሉት ጨረቃ በካሜራው ሴንሰር ላይ የምትይዘውን ስፋት ይሰጣችኋል።

ምሳሌ እንውሰድ። የትኩረት ርዝመቱ 900 ሚሊሜትር የሆነ ቴሌስኮፕ የጨረቃን ምስል 8 ሚሊሜትር ያህል አድርጎ ያሳርፋል። በጀማሪዎች ዘንድ የታወቀው ዜድደብሊውኦ ኤኤስአይ120ኤምሲ-ኤስ የተባለው ካሜራ ሴንሰሩ 4.8 በ3.6 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ ጨረቃ በሙሉ አትገባበትም፤ የሚታየው ከፊሏ ብቻ ነው። ምስሉን በግማሽ የሚያሳንስ ተጨማሪ ሌንስ ቢገጠምበት 4 ሚሊሜትር ያህል ስለምትሆን፣ ከላይና ከታች ጥቂት ከመቆረጧ በቀር ትገባለች።

ወደ ጁፒተር ስንመለስ ነገሩ ይገለበጣል። በዚያው ቴሌስኮፕና በዚያው ካሜራ ጁፒተር ለምድር በምትቀርብበት ወቅት የምትይዘው 50 ፒክስል ያህል ብቻ ሲሆን፣ የካሜራው ወርድ ግን 1280 ፒክስል ነው። የቀረው ሁሉ ጥቁር ሰማይ ነው። ካሜራው ስምንት ወይም አሥር ሚሊዮን ፒክስል አለው መባሉ ለጁፒተር ብዙም አይጠቅምም ማለት ነው። ለዚህ የሚረዳው ምስሉን በእጥፍ የሚያሳድገው ባርሎው የተባለው ሌንስ ነው።

ሦስቱ የካሜራ ዓይነቶች

አንደኛው፣ ለኮምፒዩተር ንግግር የሚያገለግለው ዌብካም ነው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ብዙ የሰማይ ወዳጆች የፊሊፕስ ኩባንያ ቱዩካም የተባለውን ዌብካም ሌንሱን እየነቀሉ በቴሌስኮፕ ላይ ይገጥሙት ነበር። ዛሬም በቤት ውስጥ የተጣለ ዌብካም ካለ፣ ሌንሱ ተፈትቶ የሚወጣ እስከሆነ ድረስ፣ ለሙከራ ይሆናል። ለጨረቃና ለብሩህ ፕላኔቶች እንጂ ለደብዛዛ ነገር አይበቃም።

ሁለተኛው፣ በሱቅና በመጋዘን የሚሰቀለው የጥበቃ ካሜራ ነው። የቆየው ዓይነት ምስሉን በኬብል በቀጥታ ወደ ቴሌቪዥን ስለሚልክ ኮምፒዩተር አያስፈልገውም፤ ይህም ኮምፒዩተር ለሌለው ቤተሰብ ትልቅ ጥቅም ነው። ከእነዚህ መካከል በጨለማ ጊዜ ብዙ ምስሎችን ደራርበው ብርሃን የሚያጠራቅሙ አሉ፤ እነርሱ ከጨረቃና ከፕላኔት አልፈው ብሩህ የሆኑ የከዋክብት ክምችቶችንም ያሳያሉ። ሌንሱ የሚፈታ መሆኑንና ከቴሌስኮፑ ጋር የሚያገናኘው ቀለበት መገኘቱን አረጋግጡ። ቴሌቪዥናችሁም ለዚህ ኬብል ቀዳዳ ያለው መሆኑን ተመልከቱ።

ሦስተኛው፣ ለቴሌስኮፕ ተብሎ የተሠራው በዩኤስቢ ከኮምፒዩተር ጋር የሚገናኘው ካሜራ ነው። ኤስቪቦኒ ኤስቪ105 የተባለው ከ100 የአሜሪካ ዶላር በታች ከሚሸጡት አንዱ ሲሆን፣ ለጨረቃና ለፕላኔቶች ይመቻል። ከላይ የተጠቀሰው ኤኤስአይ120ኤምሲ-ኤስ ከ100 እስከ 200 ዶላር ባለው የዋጋ ክልል ይገኛል፤ በሰከንድ እስከ 60 ሙሉ ምስል ያሳያል፣ ለረጅም ጊዜም ብርሃን ሊሰበስብ ይችላል። ለቤተሰብ የሚገዛ ሁሉ ባለቀለም ይሁን፤ ጥቁርና ነጩ ዓይነት ለሌላ ሥራ የተዘጋጀ ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ

የሌንሱ ማስገቢያ አፍ ስፋቱ ስንት ነው? አብዛኞቹ ካሜራዎች የተሠሩት ለ31.7 ሚሊሜትር አፍ ነው። አንዳንድ ትንንሽና የቆዩ ቴሌስኮፖች ግን 24.5 ሚሊሜትር ስለሆኑ አስቀድማችሁ በማስመሪያ ለኩ።

ምስሉ ጥርት ብሎ ይመጣል ወይ? ባለመስታወት የሆኑ ብዙ ትንንሽ ቴሌስኮፖች ካሜራ ሲገጠምባቸው ማስተካከያው እስከ መጨረሻው ቢገባም ምስሉ ደብዝዞ ይቀራል። ይህ የካሜራው ብልሽት አይደለም፤ ካሜራው ወደ ውስጥ በበቂ ስላልገባ ነው። ብዙውን ጊዜ ባርሎው ሌንስ ችግሩን ያስወግደዋል።

ማቆሚያው ሰማዩን ይከተላል ወይ? ምድር ስለምትዞር፣ በምሳሌያችን መሣሪያ ጁፒተር ከስክሪኑ ዳር እስከ ዳር የምትጓዘው ከአንድ ደቂቃ ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ ነው። በእጅ እየገፉ መከተል ይቻላል፤ ቧንቧውን በየደቂቃው የማስተካከሉን ሥራ ለትልቁ ልጅ ወይም ለትልቋ ልጅ ስጡ፤ ደስ ብሏቸው ይሠሩታል። እግሩ የሚወዛወዝ ከሆነ ግን ከካሜራው በፊት እግሩን ማጠንከር ይቀድማል።

ኮምፒዩተራችሁስ? ካሜራው የሚሠራበትን ፕሮግራም ጠይቁ። ሻርፕካፕ የተባለው በዊንዶውስ የሚሠራ ሲሆን ያለ ክፍያ የሚገኝ ዓይነት አለው።

ስለ ፀሐይ ብርቱ ማስጠንቀቂያ

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላና በአካባቢው ፀሐይ የቀለበት ቅርጽ ይዛ እንደታየች ይታወሳል። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚሆነው ግርዶሽ ደግሞ በጅዳና በመካ ሙሉ ሲሆን በአገራችን በከፊል ይሆናል። ደመናው ከፈቀደ ብዙ ቤተሰብ ማየት መፈለጉ አይቀርም። ሆኖም ለፀሐይ የተሠራ ማጣሪያ በቧንቧው የፊት አፍ ላይ ሳይታሰር ቴሌስኮፕን ወደ ፀሐይ ማዞር ዓይንን በቅጽበት ያሳውራል፤ ካሜራውንም ያቃጥላል። ከዓይን ሌንሱ ላይ የሚታሰረው ትንሽ ጥቁር መስታወት በሙቀት ሊሰነጠቅ ስለሚችል ከቤት አውጥታችሁ ጣሉት። ልጆች ብቻቸውን በቀን ቴሌስኮፕ እንዳይነኩ አድርጉ።

የጨረቃ ግርዶሽ ግን ምንም አደጋ የለውም። ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ እንደሆነው ዓይነት፣ ጨረቃ ቀልታ ከአንድ ሰዓት በላይ የምትቆይበት ምሽት ለቤተሰብ ካሜራ እጅግ የሚመች ነው።

እንግዲህ እናቶችና እኅቶች፣ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ በመጀመሪያ ስልኩን ሞክሩ፤ ቀጥሎ የቴሌስኮፑን ቁጥር አንብቡና አካፍሉ፤ ከዚያም ቤታችሁ ቴሌቪዥን ይሁን ኮምፒዩተር ያለው መሆኑን አይታችሁ ለዚያ የሚስማማውን ምረጡ። ውድ የሆነው ሁሉ የተሻለ አይደለም። የክረምቱ ደመና ተገፎ የመስከረም ሰማይ ሲጠራ ስክሪኑን በረንዳ ላይ አውጡ፤ ለአያት ወንበርና ጋቢ፣ ለልጆች ምንጣፍ አዘጋጁ። ለእናንተም አንድ ወንበር ይኑር፤ በዚያ ምሽት እናትም ተቀምጣ የምታይ ትሁን።