እጅና ቃል በቤት ሥራ ምክር

ከደብረ ሲና በላይ ባለው የሸዋ ደጋ የገጠሩ የድንጋይ ቤት ያለ ንድፍ ወረቀት ሲሠራ የኖረ ስለ ሆነ፥ የባለቤቱና የግንበኛው ምክር በቃልና በእጅ ይፈጸማል። ባለቤቱ «በሩ ይህን ያህል ይስፋ» ያለ እንደ ሆነ ቃሉ ብቻውን መጠን የለውም፤ መጠኑን የሚናገሩት ትይዩ የተዘረጉት መዳፎች ናቸው። የጣራው ተዳፋትም በብዙ ቃል ከሚተረክ ይልቅ ሁለቱን እጆች በጣት ጫፍ በማጋጠም ፈጥኖ ይታያል።

ነገር ግን እጅ ሲወርድ ምስክር አይቀርም። ስለዚህ የታየው ስፋት ድንጋዩ ከመነባበሩ በፊት ወደ ክንድ፥ ወደ ስንዝርና ወደ ጋት መመለስ አለበት። ክንድም ከክርን እስከ መሐል ጣት ጫፍ ስለሚለካ ከሰው ሰው ይለያያል፤ ክርክር የሚነሣው «በማን ክንድ?» በሚለው ላይ ነው፤ ይህንም ሸማ ገዢ ሁሉ ያውቀዋል። በክብ ቤት ግን ከመካከል ችካል ላይ የታሰረ ገመድ ዙሪያውን ስለሚወስን፥ በእጅ የሚታየው የገመዱ ርዝመት ብቻ ነው።