ደወል የሚመልስ ባልንጀራ

በእንግሊዝ አገር ፒተር ዴኒ የሚባሉ አንድ ካህን ነበሩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፍጻሜ ወዲህ፣ ከቅዳሴውና ከስብከቱ፣ ሕሙማንን ከመጠየቁና ሙታንን ከመሸኘቱ በተረፈቻቸው ጊዜ፣ ቡኪንግሃም የተባለ የራሳቸውን ምድር ባቡር ሠሩ፤ ከአንዱ አጥቢያ ወደ ሌላው በተዛወሩ ቁጥርም ነቅለው እየወሰዱ፣ እያደሱና እየጨመሩ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከእርሱ ጋር ኖሩ። ይህ ምድር ባቡር ጣቢያም፣ ሐዲድም፣ የመንገደኛና የዕቃ ፉርጎም፣ በሥርዓት የተወሰነ የጉዞ ሰሌዳም ነበረው፤ ነገር ግን የሎኮሞቲቩ ቁመት ከአመልካች ጣት አይበልጥም ነበርና፣ ያ ሁሉ ግዛት ተጠቅልሎ በአንድ ክፍል ውስጥ ያድር ነበር።

ባቡር ከአንዱ ጣቢያ ሲነሣ በሌላው ጣቢያ የሚቀበለው ሰው ያስፈልገዋልና፣ ቄስ ዴኒ ይህን ምድር ባቡር እንደ ልባቸው ለማስኬድ ረዳት መሻታቸው አልቀረም። ቤተ ሰብም ሆነ ወዳጅ ማዶ በሚቀመጥበት ቀን ነገሩ ይሰምርላቸዋል፤ ማንም በማይገኝበት ቀን ግን ጨዋታው ይሰናከላል። ስለዚህ ከብዙ ድካም በኋላ ደወል ቢደውሉለት ደወል የሚመልስ፣ የማዶውንም ሰው ቦታ የሚተካ እንግዳ መሣሪያ በገዛ እጃቸው ሠሩ፤ ስሙንም በልጃቸው በክሪስፒን ስም «አውቶማቲክ ክሪስፒን» አሉት። ይህን ነገር የሰማ ሰው መጀመሪያ ይሥቅ ይሆናል፤ ጥቂት ቆይቶ ግን፣ ያልመጣን ባልንጀራ ቦታ ለመሙላት ይህን ያህል የደከመ ሰው የባልንጀራን ዋጋ ከማንም ይልቅ ያወቀ መሆኑን ያስተውላል።

ደወሉ ምን ያደርጋል ቢሉ፣ ምሥጢሩ ከእውነተኛው የእንግሊዝ ምድር ባቡር ሥርዓት የተወረሰ ነው። በሁለት ጣቢያዎች መካከል ባለው አንድ ሐዲድ ላይ በአንድ ጊዜ ሁለት ባቡር እንዳይገኝ፣ በሁለቱ ጫፍ የተቀመጡት ምልክት ሰጭዎች በደወል ይነጋገራሉ። ላኪው አንድ ጊዜ ይመታል፤ «ልብ በል» ማለቱ ነው፤ ተቀባዩም አንድ ጊዜ መትቶ መስማቱን ያስታውቃል። ፈጣን የመንገደኛ ባቡር መላክ ሲፈልግ አራት ጊዜ ይመታል፤ መንገዱ ባዶ ከሆነ ተቀባዩ ያንኑ አራት ምት ይደግምለታል፤ ባዶ ካልሆነ ግን አይመልስለትም፤ ባቡሩም ከቦታው አይነቃነቅም። ባቡሩ ሲነሣ ሁለት ምት ይላካል፤ በደኅና ሲደርስም ከወዲያኛው ወገን ሁለትና ቀጥሎ አንድ ምት ይሰማል። ካህኑ ሲያዜም ሕዝቡ በተሰጥዎ በሚመልስበት፣ ቅዳሴም በአንድ ካህን ብቻ በማይቀደስበት ቤተ ክርስቲያን ላደገ ለእኛ ሰው፣ ይህ ነገር እንግዳ አይሆንበትም። ምድር ባቡርም እንዲሁ በባሕርዩ የሁለት ወገን ሥራ ነው፤ ትንሹም ቢሆን ከትልቁ የወረሰው አንዱ ጠባይ ይህ ነው። እንግዲህ በዓለም ላይ ብዙ ሰዎች ዕድሜያቸውን ስለሚያሳልፉበት ስለዚህ ጥበበ እድና በዙሪያው ስለሚበቅለው ወዳጅነት ጥቂት ማውራት የሚገባ ይመስለኛል።

ታናናሽ ባቡሮች መጀመሪያ የሕፃናት መጫወቻ እንደ ነበሩ አይካድም። በጀርመን አገር በጎፒንገን ከተማ ቴዎዶር ሜርክሊን የተባለ ቆርቆሮ ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1859 የአሻንጉሊት ቤት ዕቃ መሥራት ጀመረ፤ እርሱ በ1866 ሲሞት ባለቤቱ ካሮሊን ሥራውን ይዛ ቆየች፤ በኋላም ልጆቻቸው ተረክበው በ1891 በላይፕዚግ የንግድ ትርኢት ላይ ስፋታቸው በቁርጥ የተወሰነ ሐዲዶችንና በእነርሱ ላይ የሚሄዱ ባቡሮችን አሳዩ። ይህ ነገር ለተመልካች ቀላል ቢመስልም ብዙ ነገር የለወጠ ነው። ልኩ ያልተወሰነ መጫወቻ ለብቻው ተገዝቶ፣ ለብቻው ተሽከርክሮ፣ ለብቻው ተሰብሮ የሚቀር ነው፤ ልክ ከተወሰነለት በኋላ ግን የዘንድሮው ሐዲድ ከአምናው ጋር ይጋጠማል፤ የአንዱ ልጅ ባቡርም በጎረቤቱ ልጅ ሐዲድ ላይ ለመሄድ ይበቃል። ሰዎች በዚህ ሥራ ለመገናኘት የቻሉት አስቀድሞ በአንድ ልክ ስለ ተስማሙ ነው። በእንግሊዝ አገርም በሊቨርፑል ከተማ ፍራንክ ሆርንቢ በ1920 በጠመዝማዛ ሽቦ ኃይል የሚሄዱ ባቡሮችን ለገበያ አወጣ፤ ከልጅነት ወጥተው ከባቡሩ ያልወጡ አዋቂዎችም እያደር በዙ።

አዋቂው ከልጁ የሚለየው ግን በልክ ነው። ልጅ ባቡሩ ከሄደለት ይበቃዋል፤ አዋቂው ግን እያንዳንዱ ነገር፣ መስኮቱም፣ ቡሎኑም፣ የጣቢያው አጥርም፣ በአንድ መጠን ከእውነተኛው ተቀንሶ እንዲሠራ ይፈልጋል። በአውሮፓና በአሜሪካ እጅግ የተስፋፋው መጠን እውነተኛውን ነገር 87 ጊዜ የሚያሳንሰው ነው፤ በብዙ አገር የተለመደው የሐዲድ ስፋት 1435 ሚሊሜትር ነውና በ87 ሲካፈል 16 ሚሊሜትር ተኩል ይሆናል። የእኛ የቀድሞው የጅቡቲና የአዲስ አበባ ምድር ባቡር ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ስለ ነበረ፣ በዚሁ መጠን ልሥራው የሚል ሰው ቢገኝ፣ ከለገሐር የሚነሣው ሐዲድ ስፋቱ 11 ሚሊሜትር ተኩል ያህል ብቻ ይሆንለታል።

እንግሊዞች ግን በዚህ ነገር ከሌላው ዓለም ተለዩ። የአገራቸው ሎኮሞቲቭ ከአህጉሩ ሎኮሞቲቭ ጠበብ ያለ ስለ ሆነ፣ በ87 ሲቀነስ የዚያ ዘመን የኤሌክትሪክ ሞተር በሆዱ ውስጥ አልገባ አለ፤ ስለዚህ የባቡሩን አካል በ76 ብቻ እየቀነሱ፣ ሐዲዱን ግን በቀድሞው በ16 ሚሊሜትር ተኩል ተዉት። በትክክል ቢሰላ ለዚህ አካል የሚገባው ሐዲድ 18.83 ሚሊሜትር ነበርና፣ ባቡሩ ትልቅ ሰው የሕፃን ጫማ ያደረገ መሰለ። በዚህች ከሁለት ሚሊሜትር ጥቂት በምትበልጥ ጉድለት ምክንያት ሦስት ወገን ተነሣ። አንዱ ወገን «ከተገዛው ጋር መኖር ይሻላል» ብሎ በ16.5 ጸና፤ ሁለተኛው መካከለኛውን መንገድ መርጦ ወደ 18 ሚሊሜትር ገደማ አሰፋው፤ ሦስተኛው በ1960ዎቹ ተነሥቶ ከ18.83 ፍንክች አልልም አለ። ሊቃውንቶቻችን በጸጋና በቅባት የተከራከሩበትን ዘመን የሚያስታውስ ሰው፣ የሃይማኖቱ ጉዳይ ከዚህ ጋር ባይነጻጸርም፣ የክርክሩን ሙቀት ለመገመት አይቸግረውም። የሚገርመው ግን፣ ሦስቱም ወገኖች በአንድ አዳራሽ ትርኢት ሲያሳዩ፣ አንዱ የሌላውን ሐዲድ ጎንበስ ብሎ እየመረመረ፣ በልቡ እየነቀፈም ቢሆን በአፉ እያመሰገነ፣ ሻዩን አብሮ መጠጣቱ ነው።

ሥራው የብዙ ሙያ ድምር መሆኑ ሰዎቹን ወደ ማኅበር የሚገፋ ሌላ ምክንያት ነው። መደቡን የሚያቆም አናጢ፣ ሽቦውን የሚያዋቅር ኤሌክትሪክ ዐዋቂ፣ ናሱን ቆርጦ የሚበይድ ብረት ሠሪ፣ ሰማዩንና ኮረብታውን የሚቀባ ሠዓሊ፣ የጥንቱን ፎቶግራፍና የጉዞ ሰሌዳ የሚያገላብጥ ታሪክ ፈላጊ፣ እነዚህ ሁሉ በአንድ ሰው ውስጥ እምብዛም አይገኙም። በሎንዶን ከተማ በ1910 የተቋቋመው የሞዴል ምድር ባቡር ማኅበር በዓለም ላይ ከሚታወቁት ሁሉ በዕድሜ የሚቀድመው እንደ ሆነ ይነገራል። ከ1960 ጀምሮ በኪንግስ ክሮስ ጣቢያ አጠገብ የራሱ ቤት ያለው ሲሆን፣ አባላቱ በዚያ ቤት ውስጥ ኮፐንሃገን ፊልድስ የተባለውን፣ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ከዚያው ጣቢያ ይወጣ የነበረውን የባቡር መንገድና በዙሪያው ያለውን ሠፈር፣ 152 ጊዜ አሳንሰው ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሲሠሩት ኖረዋል። እንዲህ ያለው ሥራ እንደ ትልቅ ደብር ሕንፃ ነው፤ የጀመረው ሁሉ አይፈጽመውም፤ የሚፈጽመውም መሠረቱን አልጣለም። በወር በወር የሚሰበሰበውን የጽዋ ማኅበራችንን ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው፤ ዳቦውና ጠላው የመሰብሰቢያ ምክንያት ነው፤ የቀረ አባል ሲኖር ግን «ምን አገኘው?» ተብሎ ይጠየቃል። በእነዚያም ዘንድ ሐዲዱ ጽዋ ነው።

ይህ ጥበብ ከጨዋታ አልፎ ለትዝታ ጠባቂ ሆኖ የተገኘበት ጊዜም አለ። ሮይ ኢንግላንድ የተባለ አውስትራሊያዊ በ1925 ወደ እንግሊዝ አገር መጥቶ፣ የነጭ ፈረስ ሸለቆ በሚባለው ስፍራ ያሉትን የገበሬ ጎጆዎች እጅግ ወደዳቸው፤ ነገር ግን ከጥቂት ዓመት በኋላ የሣር ክዳናቸው እየተነሣ በአዲስ ነገር ሲለወጥ፣ የቀሩትም ሲፈርሱ አየ። ቤቶቹን ለማዳን ኃይል ስላልነበረው አምሳላቸውን ለማዳን ቆረጠ፤ እየዞረ ለካ፣ ሣለ፣ ቀለማቸውንም መዘገበ፤ ግድግዳቸውን ከወረቀት፣ የሣር ክዳናቸውን የቧንቧ ሠራተኛ ከሚጠቀምበት ቃጫ እየሠራ፣ በ1954 በሎንግ ዊተናም መንደር የፔንደን ቤተ መዘክርን መሠረተ። ብቻውን ቢሆን ኖሮ ዐሳቡ ዐሳብ ሆኖ በቀረ ነበር፤ ነገር ግን እንደ ጋይ ዊልያምስ ያለ በሎኮሞቲቭ ሥራ የተካነ ሰው፣ ሌሎችም ብዙ በፈቃዳቸው የሚያገለግሉ ወዳጆች ተጨመሩለትና፣ የ1920ዎቹና የ1930ዎቹ ገጠር ዛሬም በዚያ ቤት ይታያል። ጆን አኸርን የተባለው ሌላው ጥበበኛ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የጀመረው ማደር ቫሊ የተባለ ምድር ባቡርም፣ እርሱ ከሞተ በኋላ መጠጊያ ያገኘው በዚሁ ቤት ነው።

ስለ ባልንጀርነት ከተነሣ ግን ሌሎች ሁለት ካህናትን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። አንደኛው ቄስ ዊልበርት ኦድሪ ናቸው። አባታቸውም ካህንና ባቡር ወዳድ ስለ ነበሩ በግቢያቸው ውስጥ ሐዲድ ዘርግተው ልጃቸውን በዚያ ፍቅር አሳደጉ፤ እርሳቸውም አድገው፣ ካህን ሆነው፣ ወልደው፣ በ1943 ሕፃን ልጃቸው ክሪስቶፈር በኩፍኝ ታሞ በተኛ ጊዜ፣ የሚናገሩ ሎኮሞቲቮችን ታሪክ እየፈጠሩ አጫወቱት። ከዚያ ጨዋታ የተወለደው መጽሐፍ በ1945 ታተመ፤ በሚከተለውም ዓመት ቶማስ የተባለው፣ ዛሬ የዓለም ሕፃናት ሁሉ የሚያውቁት ሰማያዊ ሎኮሞቲቭ ተከተለ። ቄስ ኦድሪ ከጻፉት ታሪክ ውስጥ አንዱን የባቡር መስመር በትንሹ ሠርተው በየትርኢቱ እየያዙ ይዞሩ ነበር፤ በዌልስ አገር የሚገኘውም የታሊሊን ምድር ባቡር ሊዘጋ ሲል በጎ ፈቃደኞች በ1951 ተረክበው ማስኬድ በጀመሩ ጊዜ፣ ካህኑ ብዙ ሳይቆዩ ሄደው በባቡር ጠባቂነት አገለገሉ።

ሁለተኛው ቄስ ቴዲ ቦስተን ናቸው። በሌስተርሻየር የኬድቢ አጥቢያ አስተዳዳሪ ሳሉ፣ በቤታቸው አጠገብ የትንንሽ ባቡሮች ክፍል ነበራቸው፤ ይህ አልበቃ ብሏቸው በግቢያቸው አትክልት ውስጥ መቶ ሜትር ያህል ሐዲድ ዘርግተው፣ በ1919 የተሠራች ፒክሲ የምትባል እውነተኛ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ያስኬዱ ነበር። ሁለቱ ካህናት በባቡር ምክንያት ተዋወቁ፤ አብረውም ተጓዙ። ኦድሪ ይህን ፍቅር በመጽሐፋቸው ሊያኖሩት ፈልገው፣ በ1967 በታተመው «ትንንሾቹ የባቡር ሞተሮች» በሚለው መጽሐፍ ውስጥ ሁለት ካህናት አስገቡ፤ አንዱን «ቀጭኑ ቄስ» ብለው ራሳቸውን፣ ሌላውን «ወፍራሙ ቄስ» ብለው ወዳጃቸውን አደረጓቸው። ሰውነቱ እንዲህ ተገልጾ በመላው ዓለም ሕፃናት ፊት ሲሣቅበት የማይቆጣ ሰው፣ የወዳጁን ልብ ፈጽሞ የሚያምን ሰው ብቻ ነው። ቦስተን በ1986 ዐረፉ፤ ባለቤታቸውና ወዳጆቻቸው ግን የግቢውን ባቡር እስከ 2005 አላቆሙትም።

አንዳንድ ሰው ይህን ሁሉ ሰምቶ «ለትንሽ ነገር ይህን ያህል ድካም!» ይል ይሆናል። እኔም መጀመሪያ እንዲሁ ብያለሁ። ነገር ግን ሰው ከሰው ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ «እወድሃለሁ» ማለት ይከብደዋል፤ ከመካከላቸው የሚሠራ ነገር ሲኖር ግን፣ ሁለቱም ወደ ሥራው ጎንበስ ብለው፣ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ፣ ስለ ሐዲድ እያወሩ ስለ ብዙ ነገር ያወራሉ። የሞተችበትን ሚስቱን፣ የሄደበትን ልጁን፣ ያስፈራውን ሕመም፣ ሰው በዚያ መካከል ጣል ያደርጋል፤ ሌላውም ብየዳውን ሳያቋርጥ ይሰማዋል።

ቄስ ዴኒ በ2009 ዐረፉ። ቡኪንግሃም ግን እንደ ብዙ ሰው የዕድሜ ልክ ሥራ ተበታትኖ አልቀረም፤ የእርሳቸውን ጽሑፍ እያነበቡ ያደጉ ሰዎች ተረክበው፣ የተበላሸውን እየጠገኑ፣ በነበረበት ሥርዓት ያስኬዱታል። በአንዱ ጣቢያ የተቀመጠው አንድ ጊዜ ይመታል። ማዶ ያለውም፣ አሁን መሣሪያ ያልሆነው፣ ስኒውን አስቀምጦ ይመልስለታል።